ከመስኮቱ ሥር፦ ኦክ ወይስ ጎምዛዛዋ?

ሐሙስ ጠዋት የችግኝ ጣቢያው ጸሐፊ ፖስታውን ሲያቀብላት ኮምጣጤ እጇን ሁለት ጊዜ በሽርጧ ጠረገች። ለሌላ ወረቀት እንዲህ አታደርግም፤ የችግኝ መዝገቡን እንኳ በጭቃ እጇ ነው የምትገልጠው። የመሐንዲሱ ደብዳቤ ግን ሌላ ነው።

ኮምጣጤ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። የጣቢያው ሰዎች ናቸው ያወጡላት። አንድም ከዛፍ ጥላ ሥር የምትበቅለውን ባለ ሦስት ቅጠል ጎምዛዛ ተክል እየቀነጠሰች ስለምታኝክ፣ አንድም ምላሷ ስለማይቻል። ተክሏ በመዝገብ ላይ ረጅም የሳይንስ ስም አላት፤ ሠራተኛው ግን «ጎምዛዛዋ» ብሎ ይገላገላል።

ከመሐንዲሱ ጋር የተዋወቁት አምና ነው። ለመንገድ ዳር የሚሆን ችግኝ ሊመርጥ መጣ፣ በአንድ ቀን መርጦ ጨረሰ፣ ከዚያ ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ተመላለሰ። ነገሩ ለጣቢያው ሰው ሁሉ ገብቶት ነበር። እሱ አባቱም አያቱም ድልድይ የሠሩ፣ በራቸው ሲንኳኳ ሠራተኛ የሚከፍትላቸው ሰዎች ልጅ ነው። እሷ የጣቢያው ውሃ አጠጪ ልጅ ናት፤ አባቷ ሲሞት ማጠጫው ከነሥራው ለእሷ ተላለፈ፤ ሙያውን ካወቀች ወዲህ ደግሞ ለደንበኛ ምክር የምትጽፈውም እሷ ናት። እስካሁን አንድም ቀን ቤቱ ወስዷት አያውቅም፤ እሷም አንድም ቀን አልጠየቀችውም፤ ግን ከሆዷ አልወጣም።

አሁን የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ወንዝ ላይ ድልድይ ያሠራል። ከሄደ አራት ወሩ ነው። በየሳምንቱ ይጽፍላታል፣ በየሳምንቱ ትመልስለታለች፤ ይሁንና ከእሷ ብዕር አንዲት የፍቅር ቃል ወጥታ አታውቅም። «የባለጸጋ ቤት ደብዳቤ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም» ብላ ለጓደኞቿ ታመካኛለች። እውነቱ ሌላ ነው፤ «ናፈቅከኝ» ማለት ለምኖ ማደር ይመስላታል። ስለዚህ ስለ ዝናቡ፣ ቅጠል ስለሚበላው ትል፣ ስለ ሾፌሩ ቀልድ እየጻፈች ትልክለታለች። የእሱም ደብዳቤ ከሳምንት ሳምንት እያጠረ መጥቷል። ይኼኛው ደግሞ ከሁሉም አጭር ነበር።

«ለጣቢያው የአትክልት ባለሙያ» ይላል። «ለአንዲት በጣም ለምወዳት ሴት ትንሽ የአትክልት ቦታ እያሠራሁ ነው። ከመኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ነው፤ ስፋቱ ስድስት እርምጃ በስድስት እርምጃ። ትልቁ ዛፍ ኦክ ይሁን ወይስ ያቺ ጎምዛዛ ተክልሽ፣ መምረጥ አቅቷታል። ለማን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ ላልናገር ቃል ገብቻለሁ። ለማንም ደንበኛ እንደምትጽፊው አድርገሽ የምክር ወረቀት ጽፈሽ ወደ ቢሯችን ላኪ። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ፣ በተከላው ቀን እዚያ እገኛለሁ።»

ለማንም ደንበኛ። ኮምጣጤ ከችግኝ መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። የማን መስኮት እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ባለመስኮቷ ሰኞ ዕለት ራሷ መጥታ ነበር።

ጠበቃዋ ናት። የመሐንዲሱ ቤተሰብ ወዳጅ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ «ለእሱ የምትሆን» እየተባለች ያደገች። ረጅም ናት፣ ነጭ ጫማ አድርጋ መጥታ ነበር፤ ጭቃው ያፈራት ይመስል ጫማዋን አልነካውም። ብትንቃት ለኮምጣጤ ይቀላት ነበር። የምትጠላው ሰው ጨዋ ሲሆንብህ ቅናትህ መድረሻ ያጣል።

«ይቅርታ እህቴ፣ ኦክ የሚባለው የቱ ነው?» አለቻት።

ኮምጣጤ ወስዳ አሳየቻት። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አባቷ ከፍሬው አብቅሎ ያሳደገው። አምና ሥሩን ዙሪያውን ቆርጠው ለመነቀል አዘጋጅተውት፣ ገዢውን ይጠብቅ ነበር። ጠበቃዋ መዳፏን በግንዱ ላይ አሳረፈች።

«ግርማ ሞገስ አለው» አለች። «ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ታየኝ። ሌላው ምርጫ ደግሞ…» ዝቅ ብላ ከእግሯ ሥር ያለውን አረንጓዴ ምንጣፍ ተመለከተች። «ይቺ ናት? ይቺ እንኳ አረም አይደለች?»

«ጥላ ትወዳለች። በሁለት ወር ውስጥ መሬቱን ትሸፍናለች። ነጭ አበባ ታወጣለች፤ ሲመሽ ቅጠሏን አጥፋ ትተኛለች።»

«ስትሰለችስ ትነቀላለች?»

«አትነቀልም» አለች ኮምጣጤ። «አንዴ ከያዘች እሷን ከማጥፋት ቤቱን መቀየር ይቀላል።»

ጠበቃዋ ከልቧ ሳቀች። «እኔ ኦኩን ነው የምመርጠው። መሐንዲሳችን ሲመለስ ተተክሎ ቢጠብቀው እንዴት ደስ ባለው።»

መሐንዲሳችን። ይህች ቃል ከሰኞ እስከ ሐሙስ በኮምጣጤ ጆሮ ውስጥ ስትንጫጫ ሰንብታለች።

አሁን የምክር ወረቀቱን አወጣች። መጻፍ ያለባትን ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት ትመልሰዋለች። ኦክ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ከቤት ቢያንስ ሠላሳ እርምጃ ይርቃል፤ ሥሩ ወደ ጎን እየሄደ ቧንቧ ይሰብራል፣ ወለል ያነሣል፤ ቅርንጫፉ መስኮት ይጋርዳል። ለጠባብ ቦታ፣ ለመስኮት ሥር፣ ጎምዛዛዋ ናት የምትሻለው። አራት መስመር ነው።

ብዕሯን ስታነሣ ግን የታያት መስመሩ አይደለም። መኝታ ቤቱ ታያት። መጋረጃው፣ ሁለት ትራስ፣ ጠዋት መስኮቱን የሚከፍተው የእሱ እጅ። ከዚያ ደግሞ ከወለሉ ሥር ቀስ ብሎ የሚገባው የኦኩ ሥር ታያት፤ ንጣፉን አንድ በአንድ ሲያነሣ፣ ግድግዳውን ሲሰነጥቅ፣ ክፍሉን ሲያጨልም። ግርማ ሞገሱን ወዳው የለ? እንግዲያው ይድረሳት። ኮምጣጤ በሕይወቷ የክፋት ሐሳብ እንዲህ ጣፍጧት አያውቅም።

«ለተጠቀሰው ቦታ ኦክ ይመረጣል» ብላ ጻፈች። «ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚወርድ ለግድግዳ አያሰጋም። ሁለተኛዋ ተክል አረም ስለሆነች ለተከበረ ግቢ አትመከርም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስለ ራሷ የጻፈች መሰላት።

የጣቢያው አለቃ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ፈረሙበት። «አንቺ የጻፍሽውን እኔ ምን ብዬ አነባለሁ» አሉ። ከዚያ የጣቢያውን ደንብ አስታወሷት፤ ከአባቷ ዘመን ጀምሮ ያለ ደንብ ነው፤ ምክር የሰጠ ሰው ዛፉን ራሱ ሄዶ በእጁ ይተክላል። ምክሩ የት እንደደረሰ ዓይኑ እንዲያየው ነው።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች። ይህን ረስታው ነበር። ያንን መስኮት በዓይኗ ልታየው መሆኑ አሁን ነው የገባት።

* * *

ኦኩን ለመንቀል ሁለት ቀን ፈጀ። ሥሩን ከነአፈሩ በጆንያ ጠቅልለው፣ በገመድ ተብትበው፣ ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪናው ላይ አጋደሙት። አባቷ ያሳደገው ዛፍ ቆሞ የነበረበት ቦታ ባዶ ጉድጓድ ሆነ። ኮምጣጤ ወደዚያ ላለማየት ፊቷን አዞረች።

ሾፌሩ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ የሰባት ልጆች አባት ናቸው። መንገድ ላይ ዝም ማለት አይችሉም።

«ምነው ዛሬ ኮምጣጤያችን ስኳር ሆነች?» አሏት። «ምላስሽን ጉድጓዱ ውስጥ ቀብረሽው መጣሽ እንዴ?»

«መንገዱን ይመልከቱ አባባ።»

«መንገዱንማ ሠላሳ ዓመት ተመለከትኩት። አንቺ ነሽ ያልተመለከትሽው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጥፍርሽን ስትበዪ ነው ያየሁሽ።»

ኮምጣጤን ጸጸት ይዟት ነው ብንል ውሸት ይሆንብናል፤ ጸጸቱ ገና አልደረሰም ነበር። በሆዷ የምትመላለሰው ጥያቄ ሌላ ነው። መሐንዲሱ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት ምን ይላት ይሆን? «ደህና መጣሽ» ነው ወይስ «ዛፉን እዚህ አውርዱት»? ጠበቃዋ ከጎኑ ትቆም ይሆን? ክንዱን ትይዘው ይሆን? ከጉዞው ግማሽ በላይ እነዚያን ሁለት ሰዎች በሐሳቧ አጠገብ ለአጠገብ ስታቆም፣ ስታለያይ፣ መልሳ ስታቆም ነው የሄደችው። ራሷን በራሷ እያቆሰለች እንደሆነ ታውቃለች፤ መተው ግን አልቻለችም።

ግቢው ሰፊ ነው። ቤቱ አሮጌ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ከጎኑ ጠባብ ገባ ያለች ቦታ አለች፤ ስድስት እርምጃ በስድስት። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ክሬኑ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ጠበቃዋ ደረጃው ላይ ቆማለች። መሐንዲሱ ከእሷ ዝቅ ብሎ ቆሟል፤ ከስቷል፣ ጠቁሯል። ኮምጣጤን ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣና መልሶ ቆመ።

«ደህና ነሽ?» አላት።

«ደህና ነኝ» አለችው። አራት ወር የጠበቁት ሰላምታ ይህ ነበር፤ ሁለቱም አፈሩበት።

በዚህ ጊዜ መስኮቱ ተከፈተ። ከውስጥ፣ ትራስ ተደግፈው የተቀመጡ፣ ጋቢ ጉልበታቸው ላይ ጣል ያደረጉ አሮጊት ብቅ አሉ።

«እሷ ናት?» አሉ።

«እሷ ናት እማዬ» አለ መሐንዲሱ።

ኮምጣጤ አሁን ገባት። እናቱ ናቸው። በጣም የሚወዳት ሴት እናቱ ናቸው።

«ቅረቢ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «ደብዳቤውን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። አራት ወር ሙሉ በስልክ ስላንቺ ሲያወራኝ፣ የሰው ወሬ ከምሰማ ሙያዋን ልየው ብዬ ነው። ለኔ እንደሆነ አትንገራት ያልኩትም ለይሉኝታ ብለሽ እንዳታሳምሪልኝ ነው። ይቺ ልጅ» ወደ ጠበቃዋ ጠቆሙ፣ «ስለማልራመድ ሄዳ አየችልኝ። እኔ ኦክ ነበር ያማረኝ፤ አባቴ ግቢ ውስጥ ነበረ። ግን እግሬ ከያዘኝ ወዲህ ሐኪሙ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀመጪ ይለኛል፤ ፀሐይ የሚገባበት መስኮቴ ደግሞ ይሄ ብቻ ነው። ቢጋርደኝስ ብዬ ፈራሁ። እሱም ‹ለግድግዳው አይቀርብም ወይ እማዬ?› አለኝ። ወረቀትሽ ሲመጣ ግን ሁለታችንም አረፍን። አፈር ይዛ የምትውል ልጅ አትዋሽም አልኩት።»

ወረቀቱን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው አሳዩዋት። አራት ቦታ ታጥፏል፤ ደጋግመው አንብበውታል።

ክሬኑ ማጓራት ጀመረ። ኦኩ ከጭነት መኪናው ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ተንጠለጠለ፣ ወደ ጉድጓዱ ዞረ።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ዛፍ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። መጀመሪያ ዓመት ምንም የለም። አምስተኛው ዓመት ላይ ጠዋት ጠዋት ጥላ ይገባል፤ አሮጊቷም ወንበራቸውን ጠጋ ያደርጉ ይሆናል። በዚያን ጊዜ እሷ የዚህ ቤት ምራት ሆና፣ ምናልባት ልጅ ታቅፋ፣ ያንን ጥላ ሲገባ ታያለች። ብትናገር ደግሞ ሥራዋንም እሱንም የምታጣው አሁን፣ እዚህ፣ በጠበቃዋ ፊት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏታል።

«አቁሙት» አለች። ድምጿ ስላልወጣ ደገመችው። «አቁሙት። ወደ መኪናው መልሱት።»

ክሬኑ ቆመ። ኦኩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ወረቀቱ ውሸት ነው» አለች። «ኦክ እዚህ አይተከልም። ሥሩ ቧንቧዎትን ይሰብራል፣ ወለልዎትን ያነሣል። በአሥር ዓመት ውስጥ ፀሐይዎትን ይወስድብዎታል። ለዚህ ቦታ የምትሆነው ጎምዛዛዋ ናት። የጻፍኩት ለማን እንደሆነ ስላላወቅሁ…» ቆም አለች። «አይ፣ እሱም ውሸት ነው። አውቃለሁ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ነገሩ መጀመሪያ የገባት ጠበቃዋ ነበረች፤ ሥራዋም እሱ አይደል።

«ለኔ መስሎሽ ነው» አለች። «የኔ መኝታ ቤት።»

«አዎ።»

«እና ሥሩ ቤቴን እስኪያፈርስ ስንት ዓመት ይፈጅ ነበር?»

«አሥራ አምስት። ሃያም ሊሆን ይችላል።»

«ሃያ ዓመት ልትጠብቂኝ?»

«አዎ» አለች ኮምጣጤ፣ አንገቷን ደፍታ።

አሮጊቷ ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየ ድምፅ አሰሙ። «ቅናትሽ እንኳ የአትክልተኛ ነው» አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠነከረ። «የኔን ፀሐይ ግን ልትወስጂብኝ ነበር።»

«ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ ይቅርታ አይበቃውም» አለች። እንባዋ መውረድ ጀምሯል። «ለአለቃዬ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ዛፉ የአባቴ ነው፤ እሱንም አዋረድኩት።»

ልትሄድ ዞረች። መሐንዲሱ ከፊቷ ቆመ። ተቆጥቷል።

«አሥራ ስድስት ደብዳቤ ጽፈሽልኛል» አላት። «አሥራ ስድስቱንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ዝናብ ዘነበ። ትል መጣ። ሾፌሩ እንዲህ አለ፣ ሾፌሩ እንዲህ አሳቀን። አንድም ቀን ‹ና› አላልሽኝም። በየሳምንቱ ፖስታውን ስከፍት፣ ዛሬ ያንን ሾፌር ልታገባ እንደሆነ ትነግረኛለች እያልኩ ነበር የምከፍተው።»

«እኔን?» አሉ ሾፌሩ ከመኪናው በር ላይ። «የሰባት ልጆች አባት እኮ ነኝ ጌታዬ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።»

መሐንዲሱ ሽማግሌውን ትኩር ብሎ አያቸው፤ ሽበታቸውን፣ በድድ የቀረ ፈገግታቸውን። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ስለዚህ ነው የመጨረሻውን ደብዳቤ እንደዚያ የጻፍኩት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለማንም ደንበኛ ያልኩት ተናድጄ ነው። እንድትቆጪ ፈልጌ ነው። ቢያንስ ተቆጥተሽ ትጽፊልኛለሽ ብዬ።»

«ተቆጥቼ ጻፍኩ» አለች። «ያው ወረቀቱ ላይ ነው።»

«ልጄን ትወጂዋለሽ?» አሉ አሮጊቷ ከመስኮቱ። «ወይስ ሌላ ሰው እንዳይወስደው ብቻ ነው? ሁለቱ ለየቅል ናቸው።»

ኮምጣጤ ጠበቃዋን አየች፣ ተንጠልጥሎ የቀረውን የአባቷን ዛፍ አየች፣ ከዚያ መሐንዲሱን አየችው። አራት ወር ሙሉ ለምኖ ማደር የመሰላት ቃል አፏ ውስጥ ተቀምጧል። አሁን የምታጣው ክብር ስላልነበራት ነው መሰል፣ ሳይከብዳት ወጣ።

«እወደዋለሁ። ሌላ ሰው ቢወስደውም እወደዋለሁ። በዚህ ሳምንት ነው ያወቅሁት፤ ጠልቼው ልተወው ሞክሬ አልሆነልኝም።»

እናትየው ወረቀቱን ለአራት ቀድደው መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። «እኔ ሌላ ነበር ያሰብኩት» አሉ። «ያሰብኳት ልጅም እዚሁ ቆማለች፤ በፊቷ አልዋሽም። ደስ ብሎኛል አልልሽም። ግን በገዛ እጅሽ የሠራሽውን በገዛ አፍሽ አፍርሰሻል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው በዚህ ዕድሜዬ ብዙ አላየሁም። ዛፉን ወደ ታች፣ አጥሩ ጋ ትከሉት፤ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። አንቺ ሰኞ ጎምዛዛዋን ይዘሽልኝ ነይ። እስክትይዝ ድረስ ውሃ የምታጠጪው አንቺ ነሽ፤ ሠራተኛ አይነካትም።»

ክሬኑ ዞረ። መሐንዲሱ ጭቃ የያዘውን እጇን ያዘው። አልጠረገችውም። እጁ እንደ እጇ የሻከረ ነው፤ በዚህ አራት ወር ሲሚንቶ በልቶታል፤ በደብዳቤው አንድም ቀን አልነገራትም ነበር።

«እትዬ፣ እኔ ልሂድ፤ ቀጠሮ አለብኝ» አለች ጠበቃዋ። በቅዳሜ የምን ቀጠሮ እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ሁሉንም በጨዋ ደንብ ተሰናበተች፤ ኮምጣጤንም «ደህና ሁኚ እህቴ» አለቻት፤ ቀጥ ብላ፣ ሳትቸኩል ወደ መኪናዋ ሄደች። በሩን ከፍታ ልትገባ ስትል ግን አንዴ ዞር አለች። ዓይኗ የተያያዙት እጆች ላይ አረፈና ወዲያው ወደ ቁልፏ ተመለሰ።

ኮምጣጤ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። ሳምንት ሙሉ በራሷ ዓይን ተሸክማው ሰንብታለች፤ ምን ያህል እንደሚያቃጥልም ታውቃለች። ቀስ ብላ እጇን ከመሐንዲሱ እጅ አወጣች።

«ምነው?» አላት በሹክሹክታ።

«እስክትሄድ» አለችው።

ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ ቆመው የመኪናው ድምፅ ከመንገዱ እስኪጠፋ ጠበቁ።